ሰው የመጣው ጀግና ፍለጋ ሳይሆን ቀጣዩን ክፍል ፍለጋ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በባህል ዓምዳችሁ ስለ ሱፐርሂሮ ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለልጅ ልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሷ ሳቀች። እኔ ብዕር አነሳሁ።

ጸሐፊያችሁ ያሉት በአጭሩ ይኼ ነው። ዓለም ጀግና አጣች። ሰው በመሪዎቹም በተቋማቱም ተስፋ ቆረጠ። ስለዚህ የሚበር፣ ግድግዳ የሚወጣ፣ ጥይት የማይበሳው ሰው ፍለጋ ሲኒማ ቤት ገባ። አልፈውም ተመልካቹ ልጅ ሆኗል፣ ማሰብ ሰልችቶታል ብለዋል። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል። ችግሩ ግን እኔ ተመልካቹን አውቀዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ሲኒማ ቤት ፊልም ማጫወት ነበር። ከአዳራሹ ኋላ ከፍ ብላ ያለች ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ሆኜ በትንሿ መስኮት ፊልሙንም ሰዉንም አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ከፊልሙ ይልቅ ሰዉን ነበር የማየው። አንድ ፊልም በቀን አራት ጊዜ ሲታይ ምኑ ይታያል? ሰዉ ግን በየዙሩ ሌላ ነው።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። እነዚህ ፊልሞች የገነኑት ሰው ጀግና ስለራበው አይመስለኝም። ታሪኩ ስላላለቀ ነው። ሰው የመጣው ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ነው። ማርቭል የሚባለው ኩባንያ ያደረገው ትልቁ ነገር ተከታታይ ድራማን ወደ ሲኒማ ቤት መመለሱ ነው። ካባውና ጭምብሉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስረጃዬ መብራት ነው።

ፊልም ሲያልቅ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውረድ ይጀምራል። ያኔ የአዳራሹ መብራት ቀስ እያለ ይበራል። ሰው ጃኬቱን ያነሳል፣ ልጁን ይቀሰቅሳል፣ ወደ በሩ ይጋፋል። ያንን ስም ቁጭ ብሎ የሚያነብ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ ነበር። ከዚያ በ2008 «አይረን ማን» መጣ። ስሙ ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ አንዲት አጭር ትዕይንት አለች። አይረን ማን የሆነው ቶኒ ስታርክ ቤቱ ሲገባ አንድ ዓይኑን የሸፈነ ሰው ጨለማው ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ተዋናዩ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው። አቬንጀርስ ስለሚባለው የጀግኖች ቡድን ላናግርህ መጣሁ ይለዋል። አለቀ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህችን ያያት ሰው ትንሽ ነበር። አብዛኛው ወጥቶ ሄዷል። ወሬው ሲዳረስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በመጡት የማርቭል ፊልሞች ሰው ከወንበሩ አይነሳም። መብራት ካበራሁ ይጮኹብኛል። «አጥፋው! ገና ነው!» የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ቀጣዩ ዙር ይዘገያል፣ እኔ እወቀሳለሁ።

እስቲ አስቡት። ጀግናው አሸንፏል። መጥፎው ሰው ተደምስሷል። ጀግና ፍለጋ የመጣ ሰው ከሆነ የፈለገውን አግኝቷል፣ ሊሄድ ይችላል። እነዚህ ግን የማያውቋቸውን የብዙ መቶ ሰዎች ስም እያዩ በጨለማ ተቀምጠዋል። ምን ይጠብቃሉ? ነገ ምን እንደሚመጣ ነው የሚጠብቁት።

በ2019 «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ሲወጣ መጨረሻው ላይ ምንም ትዕይንት አልነበረም። ሥዕል የሌለው የብረት መቀጥቀጫ ድምፅ ብቻ። ሰው ሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ተቀምጦ፣ ዓይኑ በእንባ ቀልቶ፣ ምንም እንደሌለ ተነግሮትም ቢሆን አልወጣም። ሌላ ልጨምር።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ካፒቴን አሜሪካ የጓደኛውን የቶርን መዶሻ የሚያነሳበት ቦታ አለ። ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። አሁን ይህን ትዕይንት ምንም ለማያውቅ ሰው ብቻውን አሳዩት። አንድ ሰው መዶሻ አነሳ። ታዲያ ምን ይጠበስ? መዶሻ ማንሳት ምኑ ጀግንነት ነው? ለማበድ ከአራት ዓመት በፊት የነበረችውን ጨዋታ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2015ቱ «ኤጅ ኦፍ አልትሮን» ጓደኛሞቹ ግብዣ ላይ ተቀምጠው መዶሻውን ለማንሳት በተራ ይሞክራሉ። የሚገባው ሰው ብቻ ነው የሚያነሳው። ማንም አልቻለም። የካፒቴን አሜሪካ ተራ ሲደርስ መዶሻው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይነቃነቃል። የቶር ፈገግታ ይጠፋል። ከዚያ ሳቅ ይሆንና ይታለፋል።

ያቺን ትንሽ ንቅናቄ ሰው አራት ዓመት በሆዱ ይዟት ቆየ። ጩኸቱ የዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ደስታ አንድ ፊልም ብቻውን አይሰጥም፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ጉልበት የሚያሳይ ፊልም ሞልቷል። የአራት ዓመት ቀጠሮ አክባሪ ፊልም ግን ከዚያ በፊት ብዙ አላየሁም።

ወደ ጸሐፊያችሁ ልመለስ። የመስከረም 2001ዱን የኒው ዮርክ ጥቃት ጠቅሰዋል። ሕንፃዎቹ ፈረሱ፣ ሰው ፈራ፣ አዳኝ ፈለገ፣ «ስፓይደርማን» መጣለት ነው ነገሩ። ፊልሙ በግንቦት 2002 ሲወጣ በአሜሪካ በሦስት ቀን ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ የመጀመሪያው ፊልም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑን እንይ። ፊልሙ የተቀረፀው ከጥቃቱ በፊት ነው። ማስታወቂያው ላይ ስፓይደርማን በሁለቱ መንታ ሕንፃዎች መካከል ድር ዘርግቶ የሌቦች ሄሊኮፕተር ይይዛል። ያ ማስታወቂያ ከጥቃቱ በኋላ ተሰብስቦ ተነሳ። «ኤክስ ሜን» ደግሞ በ2000 ነው የወጣው። «ብሌድ» በ1998። ሁሉም ከፍርሃቱ በፊት ናቸው። ሐዘኑ ተመልካች አልጨመረም አልልም፣ ይጨምር ይሆናል። ጅማሬው ግን እዚያ አይደለም።

ደግሞስ ክፉ ዘመን ጀግና የሚወልድ ከሆነ፣ ክፉ ያልሆነው ዘመን የቱ ነው? በ1978 ክሪስቶፈር ሪቭ ሱፐርማን ሆኖ ሲበር ዓለም ጉድ አለ። በ1987 ያው ሰው፣ ያው ካባ፣ ያው ሙዚቃ በአራተኛው ፊልም ተመለሰ፣ ሰው ፊቱን አዞረበት። በአስር ዓመት ውስጥ ረሃቡ ጠፋ? አልጠፋም። ፊልሙ ደካማ ነበር፤ ደግሞም ታሪኩ ወዴትም አይሄድም ነበር። ባትማንም እንዲሁ። በ1989 ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ጀግና፣ በ1997 መሳቂያ ሆኖ እስከ 2005 ድረስ ከስክሪን ጠፋ። ከ1989 እስከ 1997 ባሉት ስምንት ዓመታት ውስጥ ባትማንን ማይክል ኪተን፣ ቫል ኪልመርና ጆርጅ ክሉኒ ተራ በተራ ተጫውተውታል። ተመልካች ፊት እየተቀያየረበት ማንን ይከተል?

አሁን ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ላይ ልምጣ። የሱፐርሂሮ ፊልም ሲወለድም ተከታታይ ነበር። በ1941 «ካፒቴን ማርቭል» (ስሙ ተመሳስሎ እንጂ የማርቭል ኩባንያ አይደለም) በ12 ክፍል ተሠራ። በ1943 «ባትማን» በ15 ክፍል። በ1948 «ሱፐርማን» እንዲሁ በ15 ክፍል። በየሳምንቱ ሲኒማ ቤት አንድ አንድ ክፍል ይታይ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው ጀግናው ሊሞት ሲል ነው። መኪናው ገደል ሲገባ፣ ሕንፃው ሲፈነዳ ይቋረጣል። ምን እንደሆነ ለማወቅ በሚቀጥለው ሳምንት ትኬት መቁረጥ ነው። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ይመጣሉ፣ ይመጣሉ። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣና ተከታታዩን ወደ ቤት ወሰደው። በ1950ዎቹ አጋማሽ እነዚያ የሲኒማ ተከታታዮች አለቀላቸው። ሲኒማ ቤት «ይቀጥላል» ማለትን ረሳ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያስታወሰው ማርቭል ነው።

ያስታወሰውም ጠቢብ ስለነበር አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ይህኛው ታሪክ ከፊልሞቹ አይተናነስም።

ማርቭል በታኅሣሥ 1996 ከሰረ። የቀልድና የጀብድ መጽሔት አሳታሚ ነበር። ገበያው ሲወድቅበት ያለውን ሁሉ መሸጥ ያዘ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ምርጥ ምርጥ ገጸ ባሕርያቱን የፊልም መብት ለሌሎች ሰጠ። ስፓይደርማን ለሶኒ ሄደ። ኤክስ ሜን ከኪሳራውም በፊት ለፎክስ ሄዶ ነበር። ገዢዎቹ በልተው ጠገቡ። ማርቭል ግን የራሱ ልጆች በሰው ቤት ሲያድጉና ሲያተርፉ ዳር ቆሞ አየ። የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነበር።

በ2005 ሜሪል ሊንች ከሚባለው የገንዘብ ተቋም ጋር ተዋዋለና እስከ 525 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር አገኘ። መያዣው ምን ነበር? የአስር ገጸ ባሕርያት የፊልም መብት። ካፒቴን አሜሪካ አለበት፣ ዶክተር ስትሬንጅ አለበት፣ ብላክ ፓንተር አለበት። ፊልሞቹ ከከሰሩ ገጸ ባሕርያቱ ወደ አበዳሪው ይሄዳሉ። ይታያችሁ፣ ኋላ ዓለምን ያነጋገረው ብላክ ፓንተር ያኔ የብድር መያዣ ነበር።

እጃቸው ላይ የቀሩት በዚያን ጊዜ መጽሔት ከማያነብ ሰው ዘንድ ብዙም የማይታወቁ ናቸው። ስለ አይረን ማን የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? ቶርን ማን ይሰማዋል? ለየብቻ ቢቆሙ ስፓይደርማንን አይወዳደሩም። አንድ ላይ ቢገናኙስ? የማርቭል ፊልሞች ፕሮዲዩሰር ኬቨን ፋይጊና ባልደረቦቹ የያዙት መንገድ ይህ ነው። አንዱን ለብቻ አስተዋውቅ፣ ሌላውን አስተዋውቅ፣ ከዚያ አገናኛቸው። መጽሔቶቹ ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነገር ነው፤ የአንዱ ጀግና በሌላው ታሪክ ውስጥ ብቅ ይላል። በፊልም ግን በዚህ ስፋት የደፈረው አልነበረም። በ2008 «አይረን ማን» 585 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። በ2009 ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። በ2012 ሁሉም የተገናኙበት «አቬንጀርስ» ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘ።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ አልልም፣ ሌሎች ብለውታል። በ1978 ሰው ማብረር ማለት ሽቦና የፕሮጀክተር ጥበብ ነበር። በ2002 ኮምፒውተር ስፓይደርማንን ከፎቅ ፎቅ አወዛወዘው። መጽሔት ላይ በእርሳስ የሚሣለው ሁሉ ስክሪን ላይ መሣል ቻለ። ይህ ባይኖር ኖሮ ሌላው ሁሉ አይኖርም ነበር። ግን ኮምፒውተሩ ለሁሉም እኩል ነው የመጣው። የከሰሩትም በዚያው ኮምፒውተር ነው የሠሩት።

እኔን የሚነካኝ ሌላኛው ቴክኒክ ነው። ፊልም ድሮ በብረት ቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል። አንዱ ሪል ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ስድስት ሪል ይሆናል፣ ይከብዳል፣ ወገብ ይቆርጣል። ኮፒ ማሳተም ውድ ስለሆነ አንዱ ኮፒ ከሲኒማ ሲኒማ ይዞራል። አንዳንዱ ጋ የሚደርሰው ወራት ቆይቶ፣ ተጭሮና ተቀጣጥሎ ነው። ኋላ ዲጂታሉ መጣ። ፊልሙ በአንዲት ሃርድ ዲስክ ይመጣል። የሚከፍተው ቁልፍ ለብቻው በፋይል ይላካል። ከተባለው ቀንና ሰዓት በፊት አይከፍትም። ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ቀድሞ ማየት አይችልም።

ይህ ነገር ለተከታታይ ታሪክ ምን እንደሠራ አስቡት። ዓለም በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ክፍል ያያል። ያላየ ሰው ከወሬ ይወጣል። ዘግይቶ የሚያይ ሰው ደግሞ መጨረሻውን ሌላ ሰው ይነግረዋል። የ«ኤንድጌም» አዘጋጆች የሩሶ ወንድማማቾች ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት መጨረሻውን ለሌላ እንዳትናገሩ ብለው ለተመልካች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሰው ፊልሙን የተሻማው ግማሹ ለዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ማንም ሳይነግረኝ ልየው! በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገባ። በጠቅላላው ከ2.79 ቢሊዮኑ ውስጥ ከአሜሪካና ከካናዳ የተገኘው 858 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ ከሌላው ዓለም ነው። መዶሻ ሲነሳ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል፣ ያለፈውን ክፍል ላየ።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊያችሁ እሰጣለሁ። ተከታታይ ሁሉ ሰው አይይዝም። የምትከተለው ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ማርቭል ከመጽሔቶቹ ዘመን ጀምሮ የተካነበት ነገር አለ። ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ በ1962 ስፓይደርማንን ሲፈጥሩ ጎረምሳ ተማሪ አደረጉት። አባትና እናት የለውም። አክስቱ ጋ ነው የሚኖረው። ገንዘብ ያጥረዋል፣ ሴት ልጅ ታሳፍረዋለች፣ ልብሱን ራሱ ይሰፋል። ወንጀለኛ አስሮ ሲመለስ ጋዜጣው ይሰድበዋል። ከዚህ ሰው የምትወደው ጉልበቱን ነው? ችግሩን ነው። ችግር ደግሞ አያልቅም፣ ለዚህ ነው ለተከታታይ የሚመቸው። አሸንፎ የጨረሰ ጀግና ምን ይተረክለታል?

ቶኒ ስታርክም ያው ነው። ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ሲመረጥ ከሱስና ከእስር ተመልሶ የቆመ ሰው ነበር፣ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚጫወተው ደግሞ መሣሪያ እየሸጠ የከበረ፣ ደረቱ ውስጥ የብረት ስብርባሪ ያለበት ባለሀብት ነው። ሰው ፊልሙን ሲያይ ሁለቱንም ሰዎች አንድ ላይ ያየ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ተከተለው። ፀጉሩ ሲሸብት አየ፣ ሲያገባ አየ፣ ልጅ ሲወልድ አየ። በእኛ ጊዜ አክተር አይሞትም ይባል ነበር። እዚህ አክተሩ ሞተ። አዳራሹ ውስጥ የሰማሁት ለቅሶ ለጀግና የሚለቀስ አልመሰለኝም። አብሯቸው ላረጀ ሰው ነው ያለቀሱት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ «አይረን ማን»ን ያየች ልጅ በ«ኤንድጌም» ሃያ ሦስት ሞልቷታል።

ሐሳቤ የማይገጥምባቸው ፊልሞች እንዳሉ አውቃለሁ። በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» አንዱ ነው። ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ለምርጥ ፊልም ኦስካር በመታጨት የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ፊልም ሆነ፣ ሦስት ኦስካርም ወሰደ። ሊያየው የመጣው ሰው ግማሹ ሌሎቹን ክፍሎች አላየም። ሌላ ፊልም ለማየት እግሩን አንስቶ የማያውቅ ሽማግሌ ልጆቹን አስከትሎ ሲመጣ አይቻለሁ። ቻድዊክ ቦስማን ዙፋን ላይ ሲቀመጥ የነበረው ዝምታ ትዝ ይለኛል። ያ ሌላ ነገር ነው። ሰው ራሱን ስክሪኑ ላይ ሊያይ ነው የመጣው፣ ዘግይቶም ቢሆን። እዚያ ላይ ጸሐፊያችሁ ስለ ጀግና ያሉት ይሠራል። በ2019 የወጣው «ጆከር»ም ለብቻው ቆሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። እሱ ግን ጭራሽ ጀግና የለውም፣ ስለዚህ ለእኔም ለጸሐፊያችሁም አይሆንም።

ታዋቂው የፊልም አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዚ በ2019 እነዚህ ፊልሞች ሲኒማ አይደሉም፣ የመዝናኛ ፓርክ ናቸው ማለታቸውን ጸሐፊያችሁ በደስታ ጠቅሰዋል። ሰውዬውን አከብራለሁ፣ ፊልሞቻቸውንም በገዛ እጄ አጫውቻለሁ። ሁሉንም አልስማማም፤ ቅሬታቸው ግን ይገባኛል። የሥራዬ ዝርዝር ላይ አይቼዋለሁና። ድሮ በአንድ ወር ውስጥ አንድ የፍቅር ፊልም፣ አንድ የፍርድ ቤት ድራማ፣ አንድ ኮሜዲ፣ አንድ አክሽን እናሳያለን። እያደር መካከለኛዎቹ ጠፉ። የዲቪዲ ገበያ ሲሞት እነዚያ ፊልሞች ወጪያቸውን የሚመልሱበት ሁለተኛ በር ተዘጋ። ስቱዲዮዎቹ ያላቸውን ገንዘብ ሰብስበው ትልልቆቹ ላይ ጣሉ። ስለዚህ ሰው ለምን እነዚህን ብቻ ያያል ብለን ስንጠይቅ፣ ሌላ ምን ቀረበለት ብለንም እንጠይቅ። ተመልካቹን ልጅ ሆነ ብሎ መስደብ ግን ቀላሉ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ውድቀቱ ልምጣ። ለእኔ ዋናው ማረጋገጫ እሱ ነው። ጸሐፊያችሁ በ2023 ፊልሞቹ መክሰር የጀመሩት ሰው ስለነቃ ነው ብለዋል። እኔ አንድ ጥንድ ላቅርብ።

በ2019 መጋቢት ላይ «ካፒቴን ማርቭል» ወጣ። ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ፊልሙ ደህና ነው፣ ከዚያ ያለፈ አይደለም። ታዲያ ለምን ያን ያህል? ምክንያቱም ከአንድ ዓመት በፊት «ኢንፊኒቲ ዋር» የዓለምን ግማሽ ሕዝብ አቧራ አድርጎ አልቋል። ስሙ ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ ሁላችንም በጨለማ ተቀምጠን፣ ያው ባለ አንድ ዓይኑ ሰው አቧራ ሆኖ ከመጥፋቱ በፊት በአሮጌ ፔጀር መልእክት ይልካል። ፔጀሩ መሬት ላይ ወድቆ አንድ ምልክት ያበራል። የካፒቴን ማርቭል ምልክት። ሰው ዓመት ሙሉ ይህቺ ሴት ማን ናት ሲል ከረመ። ስትመጣ ሮጦ ገባ።

በ2023 ተከታዩ «ዘ ማርቭልስ» ወጣ። ያቺው ጀግና፣ ያቺው ተዋናይት ብሪ ላርሰን፣ ያው ጉልበት። 206 ሚሊዮን ዶላር ብቻ። ከ«አይረን ማን» ወዲህ ማርቭል ራሱ ከሠራቸው ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛው። ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ጀግና ጠላ? በመካከል የሆነው ሌላ ነው። ከ2021 ጀምሮ ዲዝኒ ታሪኩን በኢንተርኔት ቴሌቪዥኑ ላይ በተነው። ይህን ፊልም በደንብ ለመረዳት ሁለት የቴሌቪዥን ተከታታዮችን ቀድሞ ማየት ያስፈልግ ነበር። የልጅ ልጄ «የቤት ሥራ ሆነብኝ» አለችኝ፣ እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። አውራው ታሪክ ጠፋ። ቶኒ የለም፣ ካፒቴኑ የለም፣ የሚጠበቀው ትልቅ ቀጠሮ አይታወቅም። መብራቱ ሲበራ ሰው ተነስቶ ይወጣ ጀመር።

እንግዲያው በ2024 «ዴድፑልና ወልቨሪን» ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለምን አገኘ? ሂዩ ጃክማን ከኤክስ ሜን ጀግኖች አንዱ የሆነውን ወልቨሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው በ2000 ነው። ሰው ሃያ አራት ዓመት የሚያውቀውን ፊት ሊያይ ሄደ። በመካከሉ ሞቶም ነበር፣ በ2017ቱ ፊልም ቀብረነዋል። ምንም አይደል።

ስቱዲዮውም ይህን ያወቀ ይመስለኛል። በ2024 ክረምት ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር እንደሚመለስ አስታወቁ። ቶኒ ስታርክ ሆኖ አይደለም፣ ዶክተር ዱም የሚባለውን ክፉ ሰው ሆኖ፣ «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» በሚባለው ፊልም። ጸሐፊያችሁ ይህን የፈጠራ ድርቀት ነው ብለውታል፣ እዚህ ላይ አልከራከራቸውም። ሞቶ የተለቀሰለትን ሰው ፊት በሌላ ጭምብል መልሶ ማምጣት ያሳፍራል። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ይነግረኛል። አዲስ ጀግና መፍጠር ለእነሱ ቀላል ነው፤ መጽሔቶቹ ውስጥ ገና ያልተነኩ መቶዎች አሉ። ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ግን ሰው አሥራ አንድ ዓመት በተከተለው ፊት ላይ ነው። የልጅ ልጄ «ሞኝ መሰልናቸው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ፊልሙ ሲወጣ ትሄጂያለሽ ወይ አልኳት። «አብረን ነው የምንሄደው» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች
የዘወትር አንባቢያችሁ